ደጅ አለ፣ ሙልሙል የለም፦ የልጆች የኢንተርኔት ስም ታሪክና እኛ

ባለፈው ጥር ጥምቀትን ለማክበር ደብረ ታቦር እህቴ ቤት ነበርኩ። የ9 ዓመት ልጇ መምህሩ ስለ ጋፋት አንድ ገጽ ጽፎ እንዲመጣ አዘውታል። ጋፋትን የማያውቅ ካለ፣ ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ባለሙያዎችን አስቀምጠው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። ልጁ የእናቱን ስልክ ተቀብሎ በአማርኛ «ጋፋት» ብሎ ጻፈ። የመጣለትን አብረን አየነው። ሁለት ሰዎች ስለ ዘር እየተሰዳደቡ የሚከራከሩበት ቪዲዮ፣ የቁማር ማስታወቂያ፣ ከዚያ ደግሞ ርዕሱ ስለ ቴዎድሮስ የሆነ፣ ውስጡ ግን የዛሬ ፖለቲካ ብቻ የሆነ የአንድ ሰዓት ንግግር። ለ9 ዓመት ልጅ የተጻፈ አንድ አንቀጽ አላገኘንም።

«ጋሼ፣ ኢንተርኔት ላይ የልጆች ቦታ የለም እንዴ?» አለኝ።

«የለም» ልለው አፌን ከከፈትኩ በኋላ ዝም አልኩ። እንዲህ ያለ ቦታ ለመፍጠር ዓለም ከ25 ዓመት በላይ ሞክራለች። ሕግ ወጥቶለታል፣ ትልልቅ ኩባንያዎች ተፎካክረውበታል፣ በመጨረሻም ስሙ ተገኝቷል። ያም ሆኖ የደብረ ታቦሩ ልጅ ምንም አልደረሰውም። ለምን? ዛሬ የማነሳው ይህን ታሪክ ነው። እኛም በቅርብ ተመሳሳይ ውሳኔ ፊት ልንቆም ስለምንችል ታሪኩን ማወቁ አይከፋም። የውጭውን ታሪክ እ.ኤ.አ.፣ የአገር ቤቱን በእኛ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

*ስምን ማን ያወጣዋል?*

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። በኢንተርኔት ዓለም ግን ስም የሚወጣው በማመልከቻ፣ በክፍያና በፊርማ ነው።

የማንኛውም ድረ ገጽ አድራሻ መጨረሻ ላይ ነጥብ አለ፤ ከነጥቡ ቀጥሎ ደግሞ ኮም፣ ኦርግ ወይም ኢቲ የሚል ቅጥያ። ያ ቅጥያ እንደ ቀበሌ ነው። ቀበሌው ቤቶችን አይሠራም፤ የቤት ቁጥር ይሰጣል፣ መዝገብ ይይዛል፣ በቀበሌው ውስጥ ምን እንደሚፈቀድና ምን እንደሚከለከል ደንብ ያወጣል። አዲስ ቀበሌ እንዲቋቋም የሚፈቅደው እ.ኤ.አ. በ1998 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው አይካን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። የአገር ቅጥያዎች ግን ሌላ መንገድ አላቸው። የእኛው ነጥብ ኢቲ በአገራችን እጅ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

«የልጆች የራሳቸው ቀበሌ ይኑር» የሚለው ሐሳብ ቀላል ይመስላል። አድራሻው ነጥብ ኪድስ ብሎ ካለቀ ውስጡ ለልጅ የሚሆን ነው፤ ወላጅም መምህርም በአንድ እይታ ያውቃል። ሐሳቡን የተቃወመ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ክርክሩ የተነሳው ማን ይያዘው፣ በማን መለኪያ ይመዘን፣ ውስጡን ማን ይሙላው በሚሉት ላይ ነው።

*የመጀመሪያው ሙከራ፦ አጥር ብቻ*

አይካን አዳዲስ ቅጥያዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጠው በኅዳር ወር 2000 ነው። ከ40 በላይ ማመልከቻዎች ቀርበው ነበር፤ የማመልከቻው ክፍያ 50,000 ዶላር ነበር። የተመረጡት 7 ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ነጥብ ኢንፎና ነጥብ ቢዝ ይገኙበታል። ለሙዚየሞችና ለአቪዬሽን ቅጥያ ተሰጠ። ነጥብ ኪድስን የጠየቁ ነበሩ፤ አልተሰጣቸውም።

የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች በዚህ አልተደሰቱም። መጀመሪያ ነጥብ ኪድስ ራሱን ችሎ እንዲቆም ፈልገው ነበር። ያ አልሆን ሲል ወደሚያዙበት ወደ ራሳቸው አገር ቅጥያ ዞሩ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በታኅሣሥ ወር 2002 የፈረሙት ሕግ በአሜሪካ ቅጥያ በነጥብ ዩኤስ ሥር «ኪድስ ነጥብ ዩኤስ» የሚባል ክፍል እንዲከፈት አዘዘ። ክፍሉ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ነው። ደንቡ ጥብቅ ነበር፦ መልእክት መለዋወጫ አይፈቀድም፤ ከክፍሉ ወደ ውጭ የሚያሻግር ሊንክ ማስቀመጥ አይቻልም።

ሕግ አለ፣ መንግሥት አለ፣ የሚያስተዳድረው ኩባንያ ኒውስታርም አለ። የጠፋው ገጽ ነበር። ለልጆች የሚጽፈው ሰው ለስሙ ይከፍላል፣ ለፍተሻው ይከፍላል፣ ወደ ሌላ ገጽ መጠቆም አይችልም፤ እዚያው ያዘጋጀውን በነጥብ ኮም ቢያወጣው ግን ያለ ጣጣ ለሁሉም ይደርስለታል። ስለዚህ ብዙዎቹ አልገቡም። በሥራ ላይ የቆዩት ገጾች በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። በሐምሌ ወር 2012 ክፍሉ ሥራውን እንዲያቆም ተደረገ።

ልብ በሉ፣ የወደቀው ደንቡ ስለላላ አልነበረም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ልጆቹ ምን እንዳያዩ በጥንቃቄ አስበዋል። ምን ያያሉ የሚለውን ግን ለገበያ ተዉት፣ ገበያውም አልመጣም።

*ሁለተኛው ሙከራ፦ የ10 ዓመት ወረፋ*

ያ ክፍል በተዘጋበት በዚያው 2012 አይካን ትልቁን በር ከፍቶ ነበር። 1,930 ማመልከቻዎች ገቡ። የአንዱ ማመልከቻ ክፍያ 185,000 ዶላር ነበር። ከመላው አፍሪካ የገቡት 17 ብቻ ናቸው።

ነጥብ ኪድስን የጠየቁት ሁለት ነበሩ። አንዱ አማዞን ነው። ሌላው መቀመጫውን ሆንግ ኮንግ ያደረገ ዶትኪድስ ፋውንዴሽን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት። ጉግል ደግሞ ያለ «ስ» ነጥብ ኪድን ጠየቀ፤ ሁለቱ ስሞች ያምታታሉ ብሎ ስለተከራከረና ክርክሩን ስላሸነፈ ሦስቱም በአንድ ወረፋ ገቡ። ዳዊትና ጎልያድ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አይካን አቅም ለሌላቸው አመልካቾች የክፍያ ቅናሽ አዘጋጅቶ ነበር። በመላው ዓለም ቅናሹን የጠየቁት 3 ብቻ፣ ያገኘው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ዶትኪድስ። በ185,000 ፈንታ 47,000 ዶላር ከፈለ። የተከፈተ በር እያለ ድሆች ያልገቡበት ምክንያት ቀላል ነው። ማመልከቻው ጠበቃ ይፈልጋል፣ መሐንዲስ ይፈልጋል፣ ለዓመታት የሚያቆይ ገንዘብ በባንክ ይፈልጋል። ቅናሹ የመግቢያውን እንጂ የመቆያውን አልሸፈነም።

ዶትኪድስ «እኔ የምወክለው ማኅበረሰብ አለ፣ እሱም ልጆች ናቸው» ብሎ ቅድሚያ ጠየቀ። ቅድሚያውን ለማግኘት ከ16 ነጥብ 14 ማምጣት ያስፈልግ ነበር። አላመጣም። በአይካን መመዘኛ የዓለም ልጆች እንደ አንድ የተደራጀ ማኅበረሰብ አልተቆጠሩም። ስታስበው መልሱ የሚገርም አይደለም፤ ልጆች ማኅበር የላቸውም፣ ሊቀመንበር የላቸውም፣ ማኅተም የላቸውም። የሚያሳዝነው ግን ድምፅ የሌለውን ለመወከል የቀረበው መመዘኛ ድምፅ ላላቸው የተሠራ መሆኑ ነው።

በ2013 ቤጂንግ ላይ የመንግሥታት አማካሪ ኮሚቴው ኪድስን ጨምሮ ከልጆች ጋር የተያያዙ ስሞች ልዩ ጥበቃ እንዲኖራቸው ምክር ሰጠ። ክርክሩና አቤቱታው ግን ቀጠለ። በመጨረሻ ዶትኪድስ ስሙን አግኝቶ ነጥብ ኪድስ ወደ ኢንተርኔት ሥር መዝገብ የገባው በሚያዝያ ወር 2022 ነው። ለሁሉም ሰው ክፍት የሆነው በዚያው ዓመት በኅዳር። ማመልከቻው በገባበት ዓመት የተወለደ ልጅ 10 ዓመት ሞልቶታል።

ዛሬ ነጥብ ኪድስ አለ። ደንቡን የመሠረተው በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት ላይ ነው፤ ልጅን የሚጎዳ ነገር ይከለክላል። መልካም ጅምር ነው፤ ነገር ግን ስሙ እንግሊዝኛ ነው። ለደብረ ታቦሩ ልጅ ቀበሌው በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ የተከፈተ ቀበሌ ነው።

ይህ የግድ እንዲህ መሆን ነበረበት? አልነበረበትም። ሩሲያውያን በዚያው ዙር በራሳቸው ፊደል «ልጆች» የሚል ትርጉም ያለው ዴቲ የተባለ ቅጥያ ጠይቀው በ2014 ሥር መዝገብ ውስጥ አስገብተዋል። እንግሊዝኛው ኪድስ ገና በወረፋ ላይ ሳለ ማለት ነው። በቋንቋቸውና በፊደላቸው የጠየቁት ስም ተፎካካሪ አልነበረውም።

*የእኛው ደጅ፦ የነጥብ አፍሪካ ክርክር*

«እኛ ከዚህ ሁሉ ምን አለን?» የሚል ካለ፣ አለን። በዚያው ዙር ከነበሩት ረጅምና መራራ ክርክሮች አንዱ የተነሳው በትውልደ ኢትዮጵያዊት ማመልከቻ ላይ ነው፤ ውጤቱም የተበሰረው አዲስ አበባ ላይ ነው።

ሶፊያ በቀለ ዶትኮኔክትአፍሪካ የተባለ ድርጅት መሥርተው ነጥብ አፍሪካ የተባለውን ቅጥያ ለማስተዳደር ከማንም ቀድመው ተነሱ። እ.ኤ.አ. በ2008 ከተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ በ2009 ደግሞ ከአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን የድጋፍ ደብዳቤ አገኙ። ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች አዲስ አበባ ናቸው። ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። በ2010 ኅብረቱ ድጋፉን አነሳ፤ ቀጥሎም በራሱ ጨረታ ደቡብ አፍሪካዊውን መዝጋቢ ዜድኤሲአርን መረጠ።

የአይካን ደንብ ለአህጉር ስም ከአህጉሩ መንግሥታት ቢያንስ የ60 በመቶውን ድጋፍ ይጠይቃል። ስለዚህ ሁለቱም ወገን የያዘው ወረቀት ነበር፤ ጥያቄው የትኛው ፊርማ ይጸናል የሚለው ሆነ። በ2013 አይካን የሶፊያን ማመልከቻ እንዳይቀጥል ከለከለ። እሳቸውም ለገለልተኛ ዳኞች አቤት አሉ። በሐምሌ 2015 ዳኞቹ አይካን የራሱን መተዳደሪያ ጥሷል ብለው ፈረዱ። ትልቅ ድል ነበር። ድሉ ግን ማመልከቻው እንደገና እንዲታይ እንጂ ስሙ እንዲሰጣቸው አላደረገም። እንደገና ሲታይ ያው የድጋፍ ፊርማ ጥያቄ ተነሳና ወደቀ። ጉዳዩ ወደ ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ2019 ለአይካን ተፈረደ፤ በ2021 ይግባኙም ጸና።

እስከዚያው ነጥብ አፍሪካ በየካቲት 2017 ሥር መዝገብ ውስጥ ገባ፤ መጋቢት 1 ቀን 2009 ዓ.ም. የኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀመንበር ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማ አዲስ አበባ ላይ ይፋ አደረጉት።

ማን ትክክል ነበር በሚለው እስከ ዛሬ ሁለት ጎራ አለ፤ እኔ ዛሬ አልፈርድም። የማነሳው አንድ ነገር ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አህጉሩ በስሙ ባለቤትነት ሲከራከር፣ በስሙ ሥር ምን እንደሚኖር ያወራ ሰው ጥቂት ነበር። ለአፍሪካ ልጆች፣ በአፍሪካ ቋንቋዎች፣ ምን እናስቀምጥበታለን የሚለው ጥያቄ ከፊርማው ክርክር በታች ተቀበረ።

*ማመልከቻ የማያስፈልገው ደጅ*

አሁን ወደ ነጥብ ኢቲ እንመለስ። ይህ ቅጥያ ለኢትዮጵያ የተሰጠው ጥቅምት 4 ቀን 1988 ዓ.ም. ነው፤ አገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት ከመጀመሯ ከአንድ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ። ዛሬ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። በሥሩ ለንግድ፣ ለመንግሥት፣ ለትምህርት፣ ለድርጅት የተለዩ ክፍሎች አሉ። ለልጆች የተለየ ክፍል የለም።

ይህን ክፍል ለመክፈት ወደ ካሊፎርኒያ ማመልከት አያስፈልግም። አሜሪካውያን በነጥብ ዩኤስ ሥር እንዳደረጉት፣ በአገር ቅጥያ ሥር ምን ይከፈት የሚለው የአገሩ ውሳኔ ነው። አይካን ቀጣዩን ትልቅ ዙር ኤፕሪል 30 ቀን 2026 ለመክፈት ቀጠሮ ይዟል፤ ክፍያው 227,000 ዶላር ነው። አሁን ባለው ምንዛሪ ከ30 ሚሊዮን ብር በላይ ማለት ነው። «ነጥብ ልጆች» የሚል ስም ለመጠየቅ ሆ ብሎ የሚነሳ ሰው ቢኖር ቅንነቱን አደንቃለሁ። ግን በዚያ ገንዘብ ስንት የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛ፣ የአገውኛ የልጆች መጽሐፍ እንደሚዘጋጅ አስቡት።

ሌላም በር አለ። አይካን ከኅዳር 2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገሮች የአገራቸውን ስም በራሳቸው ፊደል እንዲያስገቡ ፈጣን መንገድ ከፍቷል። ግብፅ በ2010 በዐረብኛ ፊደል አስገብታለች። በፊደላችን «ነጥብ ኢትዮጵያ» የሚል ቅጥያ ግን እስካሁን የለም። ቴክኒኩ አይደለም የከለከለን። የግዕዝ ፊደል በሥር መዝገብ እንዴት እንደሚገባ የሚወስነውን ደንብ ባለሙያዎች በፈቃደኝነት ደክመው አዘጋጅተውታል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ ደንብ ውስጥ ተካቷል።

የፊደሉን ጉዳይ እንደ ቀላል ነገር እንዳታዩት። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል አንዱ ልጅ በፀሐዩ «ፀ»፣ ሌላው በጸሎቱ «ጸ» ይጽፋል፤ «ሐ»ን ደግሞ በ«ሀ» ወይም በ«ኀ» ይቀይረዋል። ለንባብ ችግር የለውም። አድራሻ ሲሆን ግን እያንዳንዱ አጻጻፍ ሌላ ቤት ነው። አንዱን አጻጻፍ መምህር፣ ሌላውን ሌባ ሊይዘው ይችላል። ለልጆች የሚከፈት ክፍል በፊደላችን የሚሆን ከሆነ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ይህ ነው፤ አንዱን አጻጻፍ የያዘ ሌሎቹንም አብሮ ይያዝ የሚል ደንብ ያስፈልጋል።

*ዳቦው የት ነው?*

ይህን ሁሉ ብዬ አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ነገ ጠዋት የልጆች ክፍል ቢከፈት ምን ይገባበታል?

ከባዶ አንጀምርም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ በጀመረበት በ1957 ዓ.ም. አካባቢ የልጆች ጊዜ ተመደበ፤ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሁላችንም አባባ ተስፋዬ የምንላቸው፣ ከ40 ዓመት በላይ ተረት ነገሩበት። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አያትም የልጅ ልጅም አንድ ላይ አለቀሰላቸው። ቻናል አልነበራቸውም፣ የነበራቸው በሳምንት የተወሰነች ሰዓት ብቻ ናት። ያቺ ሰዓት የልጆች መሆኗን ግን አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን ፕሮግራም ጀመሩ። ቀጭኔዋ አሻንጉሊት ፀሐይ እጅ መታጠብን፣ ፊደልን፣ ጓደኝነትን በአማርኛ አስተማረች። ዛሬ ልጅ ፀሐይን የሚያያት በዩቲዩብ ነው፤ ከእሷ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣለት የሚወስነው ደግሞ መምህርቷም ወላጁም ሳይሆን የኩባንያው ስልተ ቀመር ነው።

ሕጋችንስ? ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን የተቀበለችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። መንግሥት ቢቀየርም ፊርማው ጸንቷል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ይዘረዝራል። የስምምነቱ አንቀጽ 17 ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይናገራል፦ ልጅ ከሚጎዳው መረጃ ይጠበቅ፣ እንዲሁም የሚጠቅመው መረጃና መጽሐፍ ይዘጋጅለት። የመጀመሪያውን ግማሽ በከፊል ይዘነዋል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በልጆች ላይ የሚፈጸም የብልግና ወንጀልን ይቀጣል። ሁለተኛው ግማሽ፣ የማዘጋጀቱ፣ ባለቤት አላገኘም። ከ10 ኢትዮጵያውያን 4ቱ ገደማ ከ15 ዓመት በታች በሆኑበት አገር ይህ ትንሽ ክፍተት አይደለም።

*«ጦርነት ባለበት አገር ስለ ዶሜይን?»*

ይህን ተቃውሞ እጠብቃለሁ፤ ተገቢም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ደብተር ያላገኘ ልጅ ባለበት ስለ ነጥብና ስለ ቅጥያ ማውራት ቅንጦት አይመስልም ወይ?

እኔ የማየው በተቃራኒው ነው። ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ሰፈር ኔትወርኩ ሲመለስ ልጁን መጀመሪያ የተቀበለው ስልክ ነው። መምህር በሌለበት ያ ስልክ መምህር ሆኗል። ምን እንደሚያስተምረው ማየት የፈለገ አንድ ማታ ከልጁ አጠገብ ይቀመጥ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው። «ለልጆች ደህንነት» የሚል ስም ተይዞ ሳንሱር ይገባብናል የሚል ስጋት። ድረ ገጽ ሲዘጋ ባየ አገር ይህ ስጋት ተራ ጥርጣሬ አይደለም። መልሴ፣ የልጆች ክፍል የመላው ኢንተርኔት አጥር ሊሆን አይገባውም የሚል ነው። ፈልጎ የሚገባ የሚገባበት ግቢ ይሁን። ከግቢው ውጭ ያለውን የመዝጋት ሥልጣን አይኑረው። በግቢው ውስጥ የሚገባውንም አንድ ባለሥልጣን ብቻውን አይምረጠው፤ መምህራን፣ ወላጆች፣ የሕፃናት ሐኪሞችና የመብት ተሟጋቾች ያሉበት ጉባኤ በጽሑፍ በወጣና ሁሉም ሊያነበው በሚችል ደንብ ይምረጥ። ገጽ ሲከለከል ምክንያቱ ይገለጽ፤ አቤት የሚባልበትም ይኑር። የነጥብ አፍሪካ ታሪክ ያስተማረን ይህን ነው፤ ፊርማ ያለ ግልጽ ሥርዓት ዛሬ ይሰጣል፣ ነገ ይነሳል።

ሦስተኛው ነገር ገንዘብና ኔትወርክ ነው። የኪድስ ነጥብ ዩኤስ ውድቀት የሚነግረን ለልጆች የሚጽፈው ሰው እንዳይከፍል ነው፤ እንዲያውም ሊከፈለው ይገባል። ክፍሉ ከመከፈቱ በፊት ቢያንስ የመማሪያ መጻሕፍቱ፣ የአገሩ ተረቶች፣ የየአካባቢው ታሪክ በልጅ ቋንቋ ተዘጋጅቶ ይቆይ። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ወረዳ ደግሞ ሁሉም ነገር ወርዶ በሜሞሪ ካርድ የሚዞር ይሁን። ይህ ህልም አይደለም፤ ኪዊክስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ከተቻለ ዓመታት አልፈዋል። ያ ማለት አንድ የመምህር ስልክ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መሆን ይችላል።

*የቡሄ ሥርዓት*

እኔ ያደግኩት ወንዛዬ ነው። ነሐሴ 13፣ የደብረ ታቦር በዓል፣ የእኛ የልጆች ቀን ነበር። ጅራፍ ገምደን፣ በትር ይዘን፣ ሆያ ሆዬ እያልን ከደጅ ደጅ እንዞራለን። የማናውቀው ሰው ደጅ እንኳ ቆመን እንጨፍራለን። ማንም አያባርረንም። የየትኛውም ቤት በር ላይ «ለልጆች የተፈቀደ» የሚል ጽሑፍ አልነበረም። ግን እናቶች ከዋዜማው ሙልሙል ጋግረው ያድራሉ። ደጁን የልጆች ያደረገው ዳቦው ነው።

የ25 ዓመቱ ታሪክ ሲጠቃለል እንዲህ ነው የሚታየኝ። አሜሪካ በር ሠርታ ዳቦ አልጋገረችም፤ በሩ ተዘጋ። ዶትኪድስ በሩን ለማግኘት 10 ዓመት ቆመ፤ አሁን መጋገር ጀምሯል፣ ግን በሌላ ቋንቋ። አፍሪካ በበሩ ቁልፍ ተካሰሰች። እኛ ደግሞ በሩ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በእጃችን ነው፤ ጋጋሪዎችም አሉን፤ ያልተገናኙት ሁለቱ ናቸው። ስለዚህ የአገር ቅጥያውን የያዘው፣ የትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ትምህርት ቢሮዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ የሚጀመር ሥራ ነው የማወራው። ትልቅ ፈቃድ ከውጭ አይጠበቅም።

የእህቴን ልጅ ጉዳይ ሳልጨርስ አልተውም። ከስልኩ ምንም ስላላገኘን በማግስቱ በእግር ወደ ጋፋት ሄድን። መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ አግኝተን ጠየቅናቸው፤ ቁጭ ብለው አወሩለት። እሱ ጠየቀ፣ እሳቸው መለሱ፣ እኔ ጻፍኩ፤ ማታ እሱ በራሱ እጅ ገለበጠው። አንድ ገጽ ሙሉ ሆነ። ስለ ጋፋት በአማርኛ፣ በልጅ ቋንቋ፣ ለልጅ የተጻፈ ገጽ።

ያ ገጽ አሁን ያለው በአንድ የ32 ሉክ ደብተር ውስጥ ነው። የክፍል ጓደኞቹ አይተውት ይሆናል። ፋርጣ ወይም እስቴ ያለ ልጅ ግን ነገ «ጋፋት» ብሎ ቢጽፍ ያንኑ ስድብና ያንኑ የቁማር ማስታወቂያ ያገኛል።

መምህራን ከሆናችሁ፣ ተማሪዎቻችሁ እንዲህ ያለ ገጽ ጽፈውላችሁ ከሆነ አትጣሉት። አስቀምጡት። ደጁ የተከፈተ ቀን ያስፈልገናል።

ቸር ይግጠመን።